ጠመዝማዛው ላይ የቆመችው ሊቀ መንበር

ባለፈው ግንቦት የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሙሽራው ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው ያልታሰበ ዝናብ ወረደና ሁላችንም ወደ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወጣቶቹ ምንጣፉ ተበላሸ ብለው ይጨነቃሉ፤ የእኔ አፍንጫ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። የራሰ ሸራ ሽታ። ሸራ ሲርስ የሚሸተው የቆየ ዘይትና የገብስ ጭድ የተቀላቀለበት ዓይነት ነገር ነው፤ ውስጡ ያልኖረ ሰው አይለየውም። እኔ ኖሬበታለሁ። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ሲሠራ የካምፑ ቢሮ ሸራ ነበር። በሸራው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ ከመኪናው ኋላ እኔ።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አምታታለሁ። ያኔ የነበረውን መንግሥት «አዲሱ መንግሥት» ማለት ከተውን በኋላ፣ ሞባይል ስልክ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ነው። ዋጋውን ግን አልረሳሁም። ካምፑ በር ላይ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ከዳቦ ጋር ሃምሳ። እንቁላል አራቱን በአንድ ብር የከላላ ነጋዴዎች በገለባ ጠቅልለው በበቅሎ ያመጡልናል፤ አንዱም ሳይሰበር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ የጽሕፈት መኪናውን ስለሚያደርቀው መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ መኪናውን በትኩስ ሻይ ብርጭቆ አሞቅ ነበር። ልብሳችን የልባሽ ገበያ ልብስ ነው። ሠራተኛው ሁሉ የማያውቀውን ፈረንጅ ካፖርት ለብሶ ድንጋይ ይፈልጣል። ግንበኛው ጋሽ ሰይድ የለበሰው እንዲያውም የሴት ካፖርት ነበር፤ ቀይ፣ አንገቱ ላይ የበግ ጠጉር የመሰለ ነገር ያለው፣ ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት። ሲስቁበት «ብርዱ ወንድ ነህ ሴት ብሎ አይጠይቀኝ» ይልና የድልድዩን ድንጋይ መደርደሩን ይቀጥላል። ሻይ ቤቱ ቴፕ ነበረው። ባለቤቱ ማንንም ደንበኛ ማስቀየም ስለማይወድ ዓርብ መንዙማ፣ እሑድ መዝሙር፣ በቀሩት ቀናት ባቲና አምባሰል ይከፍታል። ካሴቱ ሲላላበት በእስክርቢቶ ያጠነጥነዋል። ዛሬ ያ ሁሉ ዘፈን የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ አለ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። እኔ የለመድኩት ግን እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ስለሆነ አንዳንዱን ዘፈን ስሙን ካልነገረችኝ አላውቀውም።

ሥራዬ የፐርሶኔል ጸሐፊነት ነበር። ቀጣሪያችን አንድ ተቋራጭ ሲሆን፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። ሠራተኛው በሙሉ ኮንትራት ነው፤ የውሉም ዕድሜ አርባ አራት ቀን። አርባ አምስት ቀን የሞላው ሰው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ መብት ይጠይቃል ተብሎ ስለሚፈራ በአርባ አራተኛው ቀን እኔ «ውልዎ ተጠናቋል» የሚል ደብዳቤ እጽፋለሁ። በማግሥቱ ያው ሰው ተሰልፎ አዲስ ውል ይፈርማል፤ አብዛኛው በጣቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱ ላይ ከርሞ፣ በወረቀት ግን ከአርባ አራት ቀን በላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር። በዚህ ላይ የነበረኝ አስተያየት ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው፣ ምንም አልነበረኝም። ፊደል እንዳይጎድል፣ መስመር እንዳይዛባ ነበር የምጨነቀው።

ዘሃራ ይመርን ያወቅኋት በእንዲህ ያለው ሰልፍ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረዥም፣ ጥቁር ሻሽ የምታስር፣ ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ሴት። ተራዋ ደርሶ የቀለሙን ሳጥን ሳቀርብላት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«አያ ጌታሁን፣ መጀመሪያ ያንብቡልኝ» አለችኝ።

«የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከኋላሽ ሰው ተሰልፏል።»

«ሰልፈኛው ይታገሠኛል። ወላሂ ሳይነበብልኝ ጣቴን አላስነካም። ጅዳ ስሄድ እንዲሁ ወረቀት አምጥተው ጣቴን ቀለም ውስጥ ነከሩልኝ። ምን እንደሚል ያወቅሁት ሁለት ዓመት ቆይቼ አረብኛው ሲገባኝ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ከቤት እንደማልወጣ ነዋ። ለካ የፈረምኩት ለእሱ ኖሯል።»

አነበብኩላት። የፈረደበት ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረማቸውን ትተው ጆሯቸውን ሰጡ። «ድርጅቱ በፈለገ ጊዜ ውሉን ያለ ምክንያት ሊያቋርጥ ይችላል» ከሚለው ስደርስ ጋሽ ሰይድ በቀይ ካፖርቱ ከሰልፉ ወጥቶ ቀረበና «ይኼን ነው እንዴ እስከ ዛሬ ስፈርም የኖርኩት?» አለ። ዘሃራ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ፈረመች፤ ሥራ ያስፈልጋት ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንብብልን የሚለኝ ሰው በዛ። ኢንጂነሩ፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም ሲያውቅ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚቸኩል ሰው ነበር። «እኔ የቀጠርኩህ እንድታስፈርም ነው፤ ትምህርት ቤት እንድትከፍት አይደለም» ብሎ ወደ ሥራዬ መለሰኝ።

ዘሃራ የተቀጠረችው ባንዲራ ያዥ ሆና ነበር። መንገዱ ገደሉን ተጠማዞ የሚወርድበት፣ ሁለት መኪና የማያሳልፍ ቦታ አለ። እዚያ ቆማ ለወጪው አረንጓዴ፣ ለወራጁ ቀይ ታሳያለች። ዝናብ ሲሆን ኬሻ ትከናነባለች፣ ፀሐይ ሲሆን ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ ታደርጋለች። ከላይኛው ካምፕ ወደ ታችኛው የሚሄድ ገልባጭ መኪና ሁሉ እሷ ፊት መቆም ስላለበት የማታውቀው ሹፌር፣ ያልሰማችው ወሬ አልነበረም። የላይኛው ካምፕ ሰው ለታችኛው መልእክት ሲኖረው «ለዘሃራ ንገርልኝ» ማለት ይበቃል።

ነገሩ የተነሳው በየሺ ምክንያት ነው። የሺ ድንጋይ መፍጫው ላይ የምትሠራ የከላላ ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ጉልበታም፣ ከዘሃራ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር። ሆዷ መግፋቱ ሲታወቅ በአርባ አራተኛው ቀን ደብዳቤዋን ጻፍኩ፤ በማግሥቱ ስትሰለፍ ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ማንም አባረርኩሽ አላላትም። ውሏ አለቀ፣ በቃ። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በእንቁላል ነጋዴዎቹ በቅሎ ኋላ በእግሯ ወደ አገሯ ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ነበር። ዘሃራ ጭቃዋን ሳታራግፍ ሸራው ውስጥ ገባች።

«ሹፌሮቹ አዲስ አበባ ሠራተኛው ማኅበር አለው ይላሉ። አንድ ሰው ሲያባርሩ ማኅበሩ ይጠይቅለታል አሉ። እኛ ማቋቋም እንችላለን ወይ? አንቱ ሕጉን ያውቃሉ ብዬ ነው።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከአንድም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ማኅበር ሲናገር «ሠራተኞች» ይላል እንጂ ቋሚ፣ ኮንትራት ብሎ አይለይም። ኢንጂነሩ ግን «ማኅበር የቋሚ ነው» ሲል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የእኔም ደመወዝ የሚመጣው ከእሱ እጅ ነው። ሦስት ልጆች መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ አስተምር ነበር።

«ማኅበር የቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ለኮንትራት አይፈቀድም» አልኳት።

ጥቂት አየችኝ። «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

በማግሥቱ ጠመዝማዛው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ዋለ። ዘሃራ በነዳጅ መኪና ደሴ ወርዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ቢሮዬ መጣች። ደሴ ላይ የሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለውን ቢሮ በሰው በሰው አፈላልጋ አግኝታ፣ ግማሽ ቀን በር ላይ ቆማ፣ ኮንትራትም ሠራተኛ ነው፣ መደራጀት ይችላል ተብላለች። መተዳደሪያ ደንብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የመሥራቾች ፊርማ አምጡ ብለዋታል። ይህን ሁሉ ነገረችኝ። «አዋጁን በደንብ አላየሁት ይሆናል» አልኳት።

«የለም፣ አያ ጌታሁን» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። «የማያውቅ ሰው መጽሐፍ ገልጦ ያያል። አንቱ ሳይገልጡ ነው የመለሱልኝ። አብሽሩ፣ እኔም አንቱን ብሆን እንደዚያ ሳልል አልቀርም። አሁን ግን ደንቡን የሚጽፍልን ሰው የለንም።»

ደንቡን ጻፍኩላቸው። ኢንጂነሩ ወደ ላይኛው ካምፕ በሄደባቸው ሁለት ከሰዓት በኋላዎች፣ በድርጅቱ ወረቀትና በድርጅቱ የጽሕፈት መኪና። ስብሰባው የተደረገው እሑድ ቀን፣ ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ ከተመለሱ፣ ሙስሊሞቹ ዙህር ከሰገዱ በኋላ፣ አንድ ገበሬ በፈቀደላቸው አውድማ ላይ ነው። እኔ አልሄድኩም። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሆኜ በሩቁ አየኋቸው፤ ያ ሁሉ የልባሽ ካፖርት ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ መሃል ላይ ቀዩ የጋሽ ሰይድ ካፖርት ይታያል። ዘሃራን ሊቀ መንበር አደረጓት። ሴት መሆኗን ያነሳ አንድ ሹፌር እንደነበርና ጋሽ ሰይድ «አንተ በየቀኑ እሷ ቁም ስትልህ አይደለም እንዴ የምትቆመው?» ብሎት ሰው ሁሉ እንደሳቀ በኋላ ሰማሁ።

ወረቀቱ ደሴ በደረሰ በሳምንቱ ወሬው ኢንጂነሩ ጆሮ ገባ። ጠርቶኝ የፈራሚዎቹን ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ለሁሉም የውል ማብቂያ ደብዳቤ ጻፍ። ቀኑን ከስብሰባው በፊት ያለውን ዓርብ አድርገው። ሲሰበሰቡ የእኛ ሠራተኞች አልነበሩም ማለት ነው» አለኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሸራው ውስጥ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ወረቀት መኪናው ላይ አጠመጠምኩ። ብዙ ጊዜ ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ይጠይቁኛል፤ ትልቅ ነገር እንድናገር ይጠብቃሉ። የተሰማኝ ነገር ቢኖር እጄ መቀዝቀዙ ነው። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ስደርስ የዕለቱን ቀን መታሁ። ያን ቀን ነበር የምጽፈው፣ ያንኑ ቀን ጻፍኩ። ሁለተኛውም ላይ፣ ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። ክምሩን ይዤ ስገባ ኢንጂነሩ በመገናኛ ሬዲዮ ስለተሰበረ ቡልዶዘር ይጮህ ነበር። ሬዲዮውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አንድ በአንድ ፈረመ። አንዱንም አላነበበም።

ጉዳዩን ሊያጣራ ከደሴው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣው ሰው ቀጭን፣ የዝናብ ልብሱን ቤት ውስጥም የማያወልቅ፣ ንግግር የማያበዛ ነበር። ደብዳቤዎቹን ተቀብሎ ቆጠራቸው፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ስብሰባው በተደረገበት ቀን ሠራተኞች አልነበሩም ነው የሚሉት?» አለ።

«አልነበሩም» አለ ኢንጂነሩ።

«ደብዳቤው ግን የተጻፈው ስብሰባው ካለፈ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በስብሰባው ቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የተባረሩትም በመደራጀታቸው ይመስላል።»

ኢንጂነሩ አንዱን ደብዳቤ አንስቶ አየ፤ ሁለተኛውን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን መገረም ነበር፤ ጠረጴዛው የተናገረ ያህል። ማኅበሩ ተመዘገበ፤ ደብዳቤዎቹም ተሻሩ።

የእኔ ነገር የወሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ኢንጂነሩ ጠርቶ «የአንተም ውል አልቋል፤ ደብዳቤህን ራስህ ጻፈው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሴን ከኮንትራት ሠራተኛ ቆጥሬ አላውቅም። ክራባት አስር ነበር፤ ጠረጴዛ ነበረኝ። ውሌ ግን ከእነሱ የሚለየው በርዝመት ብቻ ነው፤ የእነሱ አርባ አራት ቀን፣ የእኔ ስድስት ወር። ደብዳቤዬን ጻፍኩ፤ ሥራው ሥራ ነው፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ስሕተት አልነበረበትም። ይዤው ስወጣ ዘሃራ ባንዲራዎቿን በብብቷ ይዛ ከሸራው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ውልዎ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች።

«የፊታችን ዓርብ።»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ሠራተኛ ነዎት። መዝገቡ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው፤ ይሂዱና ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ማኅበሩ ስለ እኔ ደብዳቤ ጻፈ፤ የማኅበሩን ደብዳቤ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ ስለ ራሴ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማኅበሩና ኢንጂነሩ ሁለት ሳምንት ከተነጋገሩ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ እንድቆይ ተስማሙ። ከፐርሶኔል ግን አንስተው ጎማ መጋዘን አስገቡኝ። የጎማ ሽታ የሸራን ያህል አልወደድኩትም። ያም ሆኖ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ።

ማኅበሩ ያገኘው ነገር ጉድ የሚያስብል አልነበረም። የአርባ አራት ቀኑ ውል ቀርቶ ሰው የተቀጠረበት የመንገድ ክፍል እስኪጠናቀቅ መሥራት ጀመረ። ድንጋይ መፍጫው አጠገብ የዝናብ መጠለያ ተሠራ። የወለደች ሴት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተፈቀደ፤ ይህን ዘሃራ ከሁሉ አስቀድማ ነበር ያስጻፈችው። ለየሺ የመመለሻ ደብዳቤዋን እኔው ጽፌ በእንቁላል ነጋዴዎቹ እጅ ወደ ከላላ ላክን። መልሱ በወሩ መጣ፤ እናቷ በአንድ ተማሪ አስጽፈው። የሺ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ ልጅቱን ለእናቷ ሰጥታ አረብ አገር ሄዳለች። ደብዳቤውን ጠመዝማዛው ድረስ ወስጄ ለዘሃራ አነበብኩላት።

«መቼ ነው የሄደችው አሉ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናታል ይላል።»

ልሄድ ዞር ስል ከላይም ከታችም መኪና መጣ፤ ለሁለቱም አረንጓዴውን አነሳች። ሁለት ገልባጭ ጠመዝማዛው መሃል ግንባር ለግንባር ተፋጠው ቆሙ። ሹፌሮቹ ወርደው ሊሳደቡ ሲሉ ፊቷን አዩና ተመለሱ፤ አንዱ በዚያ ገደል አፍ ኋሊት ወጣላት። ባንዲራ ስትሳሳት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ጠመዝማዛው ራሱ የለም፤ ኮረብታው ተቆርጦ መንገዱ ቀጥ ብሏል፤ አንድ ወጣት ሹፌር እዚህ ቦታ ባንዲራ ያዥ ይቆም ነበር ብዬ ስነግረው ሳቀብኝ። ጋሽ ሰይድ አርፏል። ዘሃራ ወረኢሉ እህቷ ዘንድ እንደምትኖር፣ በጎችም እንዳሏት ከገበያተኛ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ አላየኋትም፤ ለምን እንዳልሄድኩ ምክንያት የለኝም።

ሥራው ያለቀው በአንድ የበጋ ወር ነው። ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ፤ ሸራው ተጠቅልሎ ሄደ፤ የድርጅቱ ሥራ ሲያልቅ ማኅበሩም ይፈርሳል ተባለ። ማኅተሙን እንድናስረክብ ስለተጠራን እኔና ዘሃራ ተሳፍረን ደሴ ወረድን። ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው መንገድ ለምሳ አደረሰን። ያ ቀጭኑ ሰውዬ አሁንም የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ አንድ ቅጽ ሰጠን። እየሞላሁ ሄጄ «የመፍረሱ ምክንያት» ከሚለው ላይ ስደርስ «ሥራው ስለተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ዘሃራ በዚያ ዓመት ካምፑ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ጀምራ ነበር። በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ሠራተኞቹ ግን አሉ ብለው ይጨምሩበት» አለች።

«ለዚያ የሚሆን ቦታ የለውም» አለ ሰውየው።

«ጀርባው ባዶ ነው።»

ሰውየው እሷን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ መስኮቱን አየ። ወረቀቱን ገለበጥኩና በደህናው የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩት። ዘሃራ ማኅተሙን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ አወጣች፤ የሰውየውን የቀለም ሳጥን ሳትጠይቅ ወደ ራሷ ሳበች፤ ከጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ሥር አስተካክላ አሳረፈችውና እስኪደርቅ እፍ አለችበት። ከዚያ በሁለት እጇ አስረከበችው።